«ስንት ዓመቷ ነው?»፦ የትልልቅ ሰዎች የካንሰር ሕክምና ታሪክ፣ ከአል ዓይን እስከ ጥቁር አንበሳ



የአል ዓይን አሮጊቶችና አገር ቤት ያሉ አያቶቻችን በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። የተወለዱበትን ቀን አያውቁም። የኔ አያት ዕድሜዋን ስትጠየቅ «ጣሊያን ሲገባ እናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ» ነበር የምትለው። ጣሊያን የገባው በ1928 ዓ.ም. ነውና እኛ ከዚያ እየቆጠርን ዕድሜ ሰጠናት። እዚህ የምንንከባከባቸው «ማማ ከቢራ» የምንላቸው እናቶችም መታወቂያቸው ላይ ዓመተ ምሕረት አለ። ሲወለዱ ግን የጻፈላቸው ሰው አልነበረም። መታወቂያው የመጣው እነሱ ካደጉ፣ አንዳንዶቹም ከወለዱ በኋላ ስለሆነ የብዙዎቹ ዓመት በግምት የተሞላ ነው።

ታዲያ አንድ ትልቅ ሰው ካንሰር ተገኘበት ሲባል ሁላችንም ቀድመን የምንጠይቀው ያንኑ በግምት የተጻፈ ቁጥር ነው። «ስንት ዓመቷ ነው?» ሰማንያ ምናምን ከተባለ «እንግዲህ ዕድሜ ጠግባለች፣ ምን ይደረጋል» ብለን እንተወዋለን። የአንዷ አባል እናት አገር ቤት ታማ ከመረዳጃ ሣጥናችን ገንዘብ ሲጠየቅም ይኸው ጥያቄ ይነሳል። ስለዚህ ጥያቄው ከየት እንደመጣና ዛሬ ሐኪሞች ምን እንደሚጨምሩበት ያነበብኩትንና ያየሁትን ልጻፍላችሁ። እኔ አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ የቤት ሠራተኛ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የጻፍኩትን የሐኪም ትእዛዝ አድርጋችሁ አትውሰዱት። ከጣሊያኑ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሆስፒታል ያልነበረባት አል ዓይን

ዛሬ ሰማንያና ዘጠና የሆናቸው የአል ዓይን ሰዎች ልጆች ሳሉ ከተማዋ በቴምር ዛፎች መካከል ያሉ መንደሮች ነበረች። ቤት የሚሠራው ከጭቃ ወይም ከዘንባባ ነው። ወደ አቡ ዳቢ ለመሄድ በግመል ቀናት ይፈጅ ነበር። የታመመ ሰው፣ እንደኛ አገር፣ በጋለ ብረት ይተኮሳል። ከሚወለዱት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ይሞቱ ነበር ይባላል።

በዚያን ጊዜ አካባቢውን ያስተዳድሩ የነበሩት ሼክ ዛይድ ናቸው። በ1960 ፓት ኬኔዲና ማሪያን ኬኔዲ የሚባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ሐኪሞች ሲመጡ ሼኩ የጭቃ የእንግዳ ቤታቸውን ሰጧቸው። የመጀመሪያው ሆስፒታል እዚያ ተጀመረ። የዛሬው ፕሬዚዳንት ሼክ መሐመድ ቢን ዛይድም በ1961 የተወለዱት በዚሁ ሆስፒታል ነው። ሕዝቡ «ኬኔዲ» ማለት ሲከብደው «ከነድ» ይል ስለነበር፣ ኦሲስ ይባል የነበረው ሆስፒታል ከ2019 ጀምሮ ስሙ ከነድ ሆኗል።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ብዙ ሰው «ካንሰር ድሮ አልነበረም፣ ዘመን ያመጣው በሽታ ነው» ይላል። ነበረ። እኛ ራሳችን በአማርኛ ነቀርሳ ስንለው ኖረናል፤ የሳንባውንም በሽታ ነቀርሳ፣ ካንሰርንም ነቀርሳ። ነገር ግን ካንሰር በአብዛኛው በዕድሜ የሚመጣ በሽታ ነው። ሰውነታችን ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ዕድሜ ልክ ሲባዙ ስሕተት ይጠራቀማል። ሰው በወሊድ፣ በወባና በሳንባ ነቀርሳ በሠላሳና በአርባ ዓመቱ ሲሞት ስሕተቱ የሚጠራቀምበት ጊዜ አያገኝም። ከሕፃንነት ሞት የተረፉት፣ ከዚያም ሐኪም ያገኙት ልጆች ናቸው ዛሬ አርጅተው ካንሰር የሚገኝባቸው።

ታዋም

በ1979 አል ዓይን ውስጥ ታዋም ሆስፒታል ተከፈተ። ታዋም የዚያ አካባቢ የጥንት ስም ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የካንሰር በሽተኛ ከዱባይም ከፉጃይራም ወደዚያ ይላክ ነበር። እዚህ ከተማ ረጅም ዓመት የሠራች እህት አንድ ቤተሰብ ዝቅ ባለ ድምፅ «ታዋም ወሰድናት» ካለ ነገሩ ምን እንደሆነ ይገባታል። ኋላ አቡ ዳቢ ከተማም ትልልቅ የሕክምና ቦታዎች አገኘች። ክሊቭላንድ ክሊኒክ በ2015፣ ሼክ ሻክቡጥ ሜዲካል ሲቲ በ2019 ተከፈቱ። በ2023 ደግሞ በክሊቭላንድ ክሊኒክ ግቢ ፋጢማ ቢንት ሙባረክ የካንሰር ማዕከል ተጨመረ።

ስለዚህ እዚህ አገር ለዜጋው መሣሪያ አላነሰም። የሚያንሰው ወሬው ነው። ካንሰርን በስሙ የማይጠሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። «አል መረድ አል ኸቢስ» ይሉታል፣ ክፉው በሽታ ማለት ነው። ልጆቹ ያውቃሉ፣ ሐኪሙ ያውቃል፣ አሮጊቷ ግን አይነገራቸውም። ከዚያ ሌሊት ላይ እኛን ይጠይቁናል፦ «ይኼ መድኃኒት የምንድነው?» በኛም አገር ያው ነው፤ «ትደነግጣለች» ተብሎ ይደበቃል። በሽተኛው የማያውቀውን ሕክምና እንዴት እሺ ወይም እንቢ ሊል ይችላል? ዕድሜውን ሁሉ ቤት ሲያስተዳድር የኖረ ሰው በመጨረሻው ነገር ላይ ሳይጠየቅ ይቀራል።

ጥቁር አንበሳና ኮባልቱ

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ የጨረር ሕክምና የተጀመረው በ1997 በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እርዳታ። በዚያን ጊዜ ሕዝባችን ስልሳ ሚሊዮን ገደማ ነበር። ለዚያ ሁሉ ሰው ጨረር የሚሰጠው ቦታ ከሃያ ዓመት በላይ ያ አንድ ቦታ ብቻ ነበር።

መሣሪያው የሚሠራው ኮባልት 60 በሚባል ነገር ነው። ካናዳ ውስጥ በ1951 ሰው ማከም የጀመረ የቆየ መሣሪያ ነው። ኮባልት እንደ ከሰል ነው፤ እየቆየ ይከስማል። በየአምስት ዓመቱ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ኃይሉ ሲቀንስ አንዱ በሽተኛ ሥሩ የሚተኛበት ጊዜ ይረዝማል፣ በቀን የሚታከመው ሰው ቁጥር ያንሳል፣ ወረፋው ይረዝማል። ስለዚህ ነው ከጎጃም፣ ከባሌ፣ ከወለጋ የመጣ ሰው ወራት፣ አንዳንዱም ዓመት ይጠብቅ የነበረው። የሚጠብቀው ደግሞ አዲስ አበባ ቤት ተከራይቶ፣ ወይም ዘመድ ቤት መሬት ላይ ተኝቶ ነው።

እስቲ አስቡት። ወረፋው ውስጥ የአርባ ዓመት የልጆች እናት አለች፣ የሰማንያ ሁለት ዓመት አሮጊትም አሉ። ቤተሰቡ ያለው ብር ለአንድ ጉዞ ብቻ ነው። «አርጅታለች» የሚለውን ቃል ማንም ሕግ አድርጎ አልጻፈውም። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ከዚህ ወረፋ ነው የወጣው። መሣሪያ ሲጠፋና ብር ሲያንስ የተወሰደ ውሳኔ ኋላ ራሱን የቻለ እውነት ሆኖ ቀረ። አሁን ጥቁር አንበሳ አዲስ የጨረር መሣሪያ ገብቶለታል፣ ጅማም ጀምራለች፣ ኬሞም እንደ ጎንደር ባሉ ከተሞች ይሰጣል። ወረፋው ዛሬም አለ። ነገር ግን ከሃያ ዓመት በፊት የተባለውን ዛሬ ሳይጠይቁ መድገም ትክክል አይመስለኝም።

ትልልቅ ሰዎች ያልገቡበት ጥናት

ይህ የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሀብታሞቹም አገር ትልልቅ ሰዎች ተረስተው ነበር። አዲስ የካንሰር መድኃኒት የሚፈተነው በፈቃደኛ በሽተኞች ላይ ነው። በ1999 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሲቆጥር፣ ከካንሰር በሽተኞች ከመቶው 63ቱ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ ነበሩ፤ በመድኃኒት ሙከራዎቹ ውስጥ ግን እነሱ ከመቶው 25 ብቻ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ሐኪሙ ለሰማንያ አምስት ዓመት አሮጊት መድኃኒት ሲያዝ በአምሳ ዓመት ጎልማሳ ላይ የተለካውን ነው የሚያዘው። ከዚያ ሁለት ዓይነት ጉዳት መጣ። አንዳንዱ ሐኪም የወጣቱን ልክ ሰጥቶ ሰውዬውን ጣለው፤ ሌላው ይህን ፈርቶ ምንም ሳይሰጥ ላከው።

በ2000 የትልልቅ ሰዎችን ካንሰር ብቻ የሚመለከቱ ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ።

አንደኛው በ2004 የወጣ ነው። 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 636 ሴቶች ነበሩ። የጡት ካንሰራቸው ትንሽ ሳለ የተገኘ፣ በሆርሞን ክኒን የሚያዝ ዓይነት ነው። ሁሉም እጢው በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው፣ ሁሉም ታሞክሲፈን የሚባለውን ክኒን ወሰዱ። ግማሾቹ ግን ጨረር ተጨመረላቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ ጨረር ካገኙት ከመቶው 67ቱ፣ ካላገኙት 66ቱ በሕይወት ነበሩ። ጡት ላይ ተመልሶ የመጣው ጨረር ባላገኙት ትንሽ በዝቷል፤ ዕድሜ ላይ ግን ለውጥ አላመጣም። እየቆየ 334ቱ ሞቱ፤ በጡት ካንሰሩ የሞቱት 21 ብቻ ናቸው። ሌሎቹን የወሰዳቸው ልብ፣ እርጅናና ሌላ በሽታ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ተማርኩ። አንድ ትልቅ ሰው ታክሞ ከካንሰሩ ጋር ረጅም ዓመት ሊኖር ይችላል። ደግሞም የበዛ ሕክምና ሁሉ የተሻለ ሕክምና አይደለም። ማስጠንቀቂያም አለው፤ ይህ የተጠናው በቶሎ ለተገኘ፣ ቀስ ብሎ ለሚያድግ ዓይነት ነው። የሚሮጥም ካንሰር አለ።

ሁለተኛው በ2021 የወጣ ሲሆን፣ የተሠራው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ካንሰራቸው በተስፋፋ 718 ሰዎች ላይ ነው። ለግማሾቹ ሐኪሞች ከሕክምናው በፊት ስለ ሰውዬው ኑሮ የተሞላ ወረቀት ተሰጣቸው። ብቻውን ይራመዳል ወይ? ወድቆ ያውቃል? ይበላል? ስንት ዓይነት ክኒን ይውጣል? ያስታውሳል? ቤት ውስጥ ማን አለው? ሐኪሞቹ ያን አይተው መድኃኒቱን መጠኑ። ወረቀቱ ያልተሰጣቸው ሐኪሞች ካከሟቸው ከመቶው 71 ሰው በመድኃኒቱ ክፉኛ ተጎዳ፤ ከተሰጣቸው ግን 51። ዕድሜም አላጠረም። ያው መድኃኒት፣ ያው በሽታ ነው። የተጨመረው መጠየቅ ነው።

የቤቱን የሚያውቅ ማነው?

እነዚያን ጥያቄዎች እስቲ መልሳችሁ አንብቡ። እዚህ አገር መልሱን የሚያውቀው ማነው? እኛ ነን።

እኔ ከሦስት ዓመት በላይ የተንከባከብኳቸው እናት መታወቂያቸው 84 ይል ነበር። ጡታቸው ላይ ያለውን እጢ ያገኘሁት ሳጥባቸው ነው። ለልጃቸው ነገርኳት፣ ተወሰዱ፣ ተመረመሩ። ሐኪሟ «በቀን ስንት ሰዓት አልጋ ላይ ናት? ባለፈው ስድስት ወር ወድቃለች? ሌሊት ትነሳለች?» ብላ ስትጠይቅ ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ ወደኔ ዞሩ። በተሰባበረ ዐረብኛዬ መለስኩ። ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፣ አንዱ መጸዳጃ ቤት ነው። ምግብ የሚበሉት ከኔ ጋር ሲቀመጡ ብቻ ነው። የልጅ ልጆቻቸውን ስም አይስቱም። ሐኪሟ ሁሉንም ጻፈች። ልባቸው ደካማ ስለሆነ ቀዶ ሕክምናው ይቅርና በየቀኑ አንድ የሆርሞን ክኒን ይውሰዱ ተባለ። እጢው አነሰ። ሦስት ረመዳን ጾሙ። ሐኪም ቢከለክላቸውም እሺ አላሉም። በመጨረሻ ያረፉት በልብ ድካም ነው።

ስለዚህ አረጋዊ የምትንከባከቡ ሁሉ፣ የምታዩትን ቀላል አታድርጉት። ስታጥቡ እጢ ወይም የማይድን ቁስል ካያችሁ፣ ያለ ምክንያት ደም ካለ፣ ልብስ ሰፍቷቸው ሰውነት ከቀነሰ፣ መዋጥ ካቃታቸው ዛሬውኑ ለቤተሰቡ ተናገሩ። የመድኃኒት ከረጢቱን ሙሉውን፣ የአበሻ መድኃኒት የሚመስል ቅጠልም ካለ ጨምራችሁ፣ ሐኪም ፊት ይዛችሁ ቅረቡ። ኬሞ የወሰደ ሰው ሽንትና ትውከት ለ48 ሰዓት ያህል በጓንት ነው የሚጸዳው፤ የኬሞ ክኒንም በባዶ እጅ አይነካም። ጓንት ጠይቁ፣ አትፈሩ። ሌሊት በሽተኛ የምትጠብቅ ሰው ደግሞ እንቅልፍ ያስፈልጋታል። የአገሩ ሕግ ለቤት ሠራተኛ በቀን 12 ሰዓት እረፍት፣ ከሱም ውስጥ 8ቱ ሳይቆራረጥ እንዲሰጣት ይላል።

አለማከም መጣል አይደለም

አያቴ በሁለተኛው ዓመቴ ታመመች። የማኅፀን በር ካንሰር ነው፣ ዘግይቶ ነው የታወቀው። አንድ ሆስፒታል ወሰዷት፤ ዕድሜዋን ጠይቀው «አርጅታለች፣ ቤት ውሰዷት» አሉ። ሊድን የማይችል ደረጃ ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል፣ እኔ በዚያ አልከራከርም። ግን እሷን ማንም አልጠየቃትም። ከሁሉ የባሰው፣ ለሕመሟ ከፓራሲታሞል በቀር ምንም ሳይሰጣት ነው የተላከችው። ለአራት ወር ሌሊት ሌሊት ጮኻለች። እህቴ ስልኩን ስታስጠጋልኝ እሰማት ነበር።

ካንሰሩን ማዳን ባይቻል ሕመሙን ማስታገስ ይቻላል። ይህም ራሱን የቻለ ሕክምና ነው፤ ታሪክም አለው። በ1967 ሲስሊ ሳንደርስ የምትባል እንግሊዛዊት ሐኪም ለንደን ውስጥ ለዚሁ የሚሆን ቤት ከፈተች። ሕመምተኛው እስኪጮህ ሳይጠበቅ ሞርፊን በሰዓቱ እንዲሰጥ አስተማረች። በአገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያ በ2003 ተቋቁሞ አዲስ አበባ ውስጥ በየቤቱ እየሄደ ሕመምተኛ ይረዳል። የማስታገሻ ሕክምና የሚባለው ይኼ ነው። ሐኪም «ማከም አንችልም» ካለ፣ ቀጥሎ «ለሕመሙስ ምን ይሰጣል?» ብለን መጠየቅ መብታችን ነው። የሚዋጥ ሞርፊን በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ «ሱስ ያስይዛታል» ብሎ የሰማንያ ዓመት ሰው ማስጮህ ግፍ ነው።

ስለ ሣጥናችን

ይህ ሁሉ ለማኅበራችን ምን ይጠቅማል? የሣጥኑ ብር ጥቂት ነው፣ ሁሉንም አይደርስም። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። እኔ የምለው ግን ምርጫው በዕድሜ ብቻ አይሁን። የእርዳታ ቅጻችን «የበሽተኛው ዕድሜ» ይላል። ከሱ ቀጥሎ እነዚህ እንዲጨመሩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ አቀርባለሁ። ካንሰሩ የየትኛው አካል ነው፣ በምን ደረጃስ ተገኘ? ሐኪሙ ሊያድን፣ ዕድሜ ሊያረዝም ወይስ ሕመም ሊያስታግስ ነው ያሰበው? በሽተኛዋ ከመታመሟ በፊት ራሷ ትራመድ፣ ራሷ ትበላ ነበር? ማን ያስታምማታል? እሷስ ምን አለች? ለመዳን ተስፋ የሌለው ከሆነም የማስታገሻ መድኃኒትና የመኪና ኪራይ ከሣጥኑ እንዲሸፈን ይሁን። ይኼ ትንሽ ብር ነው፣ ብዙ ሌሊት ያሳርፋል።

ነገሩ የእናቶቻችን ብቻ አይደለም። በ2005 በወጣው የአቡ ዳቢ ሕግ መሠረት አሠሪ ለሠራተኛው የጤና ኢንሹራንስ ይገባል፤ ሁላችንም ካርዱን ይዘናል። ያ ካርድ ግን ከሥራው ጋር ነው። ቪዛው ሲያልቅ ካርዱም ያልቃል። እዚህ ያረጀ የቤት ሠራተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ የምናረጀው እዚያው አገር ቤት ነው። ስለዚህ ደሴም ሆነ ጅማ ለትልቅ ሰው የሚሰጠው ሕክምና የራሳችን ጉዳይ ነው።

አርብ ቤት ስትደውሉ «ደህና ናችሁ?» ብቻ አትበሉ፤ «ደህና ነን» ብለው ያልፏችኋል። እናታችሁን ራሷን አቅርቡልኝ በሉ። ደም አየሽ ወይ፣ እጢ አለሽ ወይ፣ ትበያለሽ ወይ ብላችሁ ጠይቋት። አንዲት እናት ለልጇ ሚስት የማትነግረውን ለሴት ልጇ ትነግራለች። መልሷን ሰምታችሁ የሚያሳስብ ነገር ካለ ሳይዘገይ ወደ ማኅበሩ ደውሉ።